ስኳር፣ ደም ብዛትና የወገቤ ልክ

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናቶች ነው። በእርግዝናችሁ ጊዜ ስኳር ታይቶባችሁ «ስትወልጂ ይጠፋል» ተብላችሁ ወደ ቤት ለተመለሳችሁ። ልብሳችሁ ሁሉ ሆድ ላይ ብቻ እየጠበበ ሄዶ «ከወለድኩ ወዲህ ነው» ብላችሁ ለለመዳችሁት። ቤታችሁ ውስጥ ስኳርም ደም ብዛትም ያለበት ሰው ካለ እናንተም አንብቡት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። 42 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የምነግራችሁ በራሴ ሰውነት ያየሁትን፣ ሐኪሜ ያስረዱኝንና በኋላም እያነበብኩ ያረጋገጥኩትን ነው።

ዋናውን ቀድሜ ልናገር። ስኳር፣ ደም ብዛት፣ የደም ስብ፣ ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ እያልን ለየብቻ የምንፈራቸው ነገሮች፣ እንደ እኔ ባለ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የሚነሱት። ሆድ ዕቃ ውስጥ ከገባው ስብ። እሱ ትንሽ ሲጎድል ሁሉም አብረው መውረድ ይጀምራሉ።

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስድስት ወር ሆኖኝ ሳለ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አጠጥተው ደሜን ለኩ። ከፍ ብሎ ተገኘ። ምግቤን እያስተካከልኩ፣ በየጊዜው እየተለካሁ በሰላም ተገላገልኩ። ከሐኪም ቤት ስወጣ ስኳሬ ወርዶ ነበር። «በቃ ጠፍቷል፣ አትጨነቂ» ተባልኩ። እውነትም ጠፍቶ ነበር። ያልተነገረኝ ቀሪው ነው። በእርግዝና ስኳር የታየባት ሴት፣ ካልታየባት ሴት ጋር ስትነጻጸር፣ ወደፊት ዓይነት ሁለት ስኳር የሚይዛት ዕድል 10 እጥፍ ያህል ነው። የልብ ሕመም ዕድሏም ከፍ ይላል። ስለዚህ ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባት። ደህና ብትሆንም እንኳ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ መለካት አለባት።

ልጄን ለማስከተብ በሄድኩ ቁጥር የልጄ ክብደት ተመዝግቧል። የእኔን ስኳር የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። አሁን እርጉዝ ለሆነች ዘመዴ ሁሉ አንድ ነገር እነግራለሁ። የልጅሽን የክትባት ካርድ ስትቀበዪ፣ «የእኔስ ስኳር መቼ ይለካ?» ብለሽ እዚያው ጠይቂ።

የአራስ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ገንፎው መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬው ይፈስበታል። አጥሚቱ ጠዋትም ማታም ነው። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ ነው ያረሰችኝ። ሁሉም የሚደረገው በፍቅር ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት። ወልዳ የደከመች፣ ጡት የምታጠባ ሴት በደንብ መብላት አለባት። ይህን አራስ አያያዛችንን ማንም እንዲያናንቀው አልፈልግም። ነገሩ የሚበላሸው የአራሱ አበላል አራስነቱ ካለቀ በኋላም ሲቀጥል ነው። እኔ ሥራ ገብቼም አጥሚቱ አልቀረም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። አስር ሰዓት ላይ ማኪያቶና ቦምቦሊኖ ይመጣል። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ተመችቶሻል!» ይለኛል። በእኛ ዘንድ መወፈር ማለት ቤቷ ሰላም ነው፣ ባሏ ጥሩ ነው ማለት ነው። እንዲህ እየተባለ የሚጨምር ኪሎ ማንንም አያስደነግጥም።

ሰውነቴ ግን ምልክት ይሰጥ ነበር። ምሳ በልቼ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ። ባለቤቴ «ማንኮራፋትሽ በዛ» ይለኛል። ከሁሉም በላይ ማውራት የምፈልገው ግን ስለ አንገቴ ነው። የአንገቴ ጀርባ ጠቆረ። እናቴ ቆሻሻ መስሏት አጎንብሼ በሎሚና በሳሙና ፈትጋኛለች፤ እስኪያቃጥለኝ ድረስ። አልለቀቀም። ሲዳሰስ ቆዳው ወፈር፣ ለስለስ ይላል። ብብቴ ሥርም እንዲሁ ሆነ። ሐብሉ ነው ብለን ሐብሉን አወለቅኩ። ቅባቱ ነው ብለን ቅባቱን ቀየርኩ።

ለካ እንዲህ ያለው ጥቁረት ብዙ ጊዜ ደም ውስጥ ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ልክ የሚያስይዘው ከቆሽት የሚመነጨው ንጥረ ነገር፣ ሲበዛ ቆዳ ላይ የሚወጣ ምልክት ነው። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፣ እሱን ሐኪም ይለየዋል። ግን የአንገቱ ጀርባ ወይም ብብቱ ሥር እንዲህ የጠቆረ ሰው ካያችሁ፣ በተለይ ወፈር ያለ ልጅ ከሆነ፣ እባካችሁ በመፈተግ አታሰቃዩት። ስኳሩን አስለኩለት።

የታወቀው በመሥሪያ ቤታችን ምርመራ ነው። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 139 ሆነ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉት፣ 7.1። ግፊቴ 148 በ94። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 240፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል 36፣ መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል 156። አልትራሳውንድ ስነሳ ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባለ። ክብደቴ 84 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ወገቤ 99 ሳንቲ ሜትር።

ወረቀት ይዛችሁ ግራ እንዳትጋቡ መነሻውን ልንገራችሁ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ሲሆን ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። የሦስት ወሩ ከ5.7 በታች ደህና፣ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው። ግፊት በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ከደረሰ ደም ብዛት ይባላል። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች፣ ኤችዲኤል ደግሞ ለሴት ከ50 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የእኔ ሁሉም ከመስመር ወጥቶ ነበር።

ያን ቀን አልቅሻለሁ። አምስት በሽታ በአንድ ጊዜ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። ዶክተሯ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀት አነሱና ጉበት ሣሉ። «ልጄ፣ አምስት አይደለም። ነይ ላሳይሽ» አሉኝ። ያሳዩኝን እንደገባኝ ላስረዳችሁ፤ ከመድኃኒቱ እኩል የረዳኝ እሱ ስለሆነ።

ከቆዳችን ሥር ያለው ስብ ጎተራ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ የበላነው እዚያ ይገባል፣ እዚያ እስካለ ብዙም አይጎዳም። የጎተራው ስፋት ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ 110 ኪሎ ሆኖ ገና አልሞላበትም፣ ሌላው 70 ኪሎ ላይ ሞልቶበታል። ሲሞላ ትርፉ መግቢያ ያጣና ጉበት ውስጥ፣ ቆሽት ውስጥ፣ በአንጀት ዙሪያ ይገባል። ጉበት ስብ ሲሞላው የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ይተዋል። ሳንበላ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ማታ ትንሽ በልቼ ጠዋት 139 የሚሆነው ለዚህ ነበር። የራሱን ትርፍ ስብም ወደ ደም ይልካል፤ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል፣ ኤችዲኤል ይወርዳል። ቆሽት ይህን ለማሸነፍ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ጨው እንዳይለቅ ያደርጋል፤ ግፊት ይጨምራል። አንገቴን ያጠቆረውም እሱ ነው። ቆሽት ሲደክም ደግሞ ስኳሩ ይገለጣል። ልብ በበኩሏ ከፍ ባለ ግፊት ላይ ደም ስትገፋ ግድግዳዋ እየወፈረ ይሄዳል። በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ኮሌስትሮሉ ይጠራቀማል።

የእኛን ሰው ጎተራ በተመለከተ አንድ ያነበብኩት ነገር አለ። ወደ እስራኤል በሄዱ ወገኖቻችን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ስኳር የሚይዛቸው ከሌላው የሀገሩ ሰው ባነሰ ክብደት እንደሆነ ያሳያሉ። ስለዚህ «ብዙም አልወፈርኩም» የሚለው መተማመኛ አይሆንም። ሚዛኑን ትታችሁ ሜትር አንሱ። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መሃል፣ ሆድን ሳትስቡ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ካለፈ ምርመራ አታቆዩ። ቁጥር ለማስታወስ የሚቸገር ሰው ደግሞ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ እንዳይበልጥ ይጠብቅ።

«ታዲያ ስንት ኪሎ ልቀንስ?» አልኳቸው። 50 ኪሎ ሁኚ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «ከ84ቱ ስድስት ሰባት ኪሎ ቀንሺና እንነጋገራለን» አሉኝ። አላመንኳቸውም። በኋላ ያነበብኩት ነው ያሳመነኝ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ጥረዋል። ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን የተሰጣቸው በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። ከመካከላቸው በእርግዝና ስኳር ታይቶባቸው የነበሩት ሴቶች ላይ ግን ሁለቱም መንገዶች ዕድሉን ወደ ግማሽ አውርደውታል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ነው። ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች በሐኪም ክትትል ለወራት በፈሳሽ ምግብ አቆዩአቸው። ከዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ልክ በታች ሆነ። 15 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ 86 በመቶው። ይህን እቤታችሁ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። እኔን ያስደሰተኝ የሆድ ዕቃው ስብ ቶሎ እንደሚወጣ ማወቄ ነው። ሰውነት ሲጎድልበት መጀመሪያ ከሚለቃቸው ውስጥ የጉበቱ ስብ አለበት።

ወደ ማጀት ልውሰዳችሁ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ ወጡ የእሷ ነው። ዘይት የምትጨምረው በዓይኗ ልክ ነው። አንድ ቀን «እማዬ፣ እስቲ ልለካው» አልኩና በሾርባ ማንኪያ እየሰፈርኩ ጨመርኩ። እሷ «በቃ» እስክትል ዘጠኝ ማንኪያ ገባ። አንዱ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ያ የአንድ ድስት ሽሮ ነው፤ ጾም ስለሆነ ቀላል ነው የምንለው ሽሮ። ነገርኳት። «ወጥ ያለ ዘይት ምን ወጥ ነው? ሰው ቢመጣ ምን ይለናል?» አለችኝ። አልተከራከርኩም።

መልሱ ከራሷ ነው የመጣው። ከቀናት በኋላ ሽንኩርት እየከተፈች «እናቴ እኮ ቁሌቱን ያለ ዘይት ነበር የምታበስለው። ዘይት እንዲህ በየሱቁ የት ነበር!» አለች። ከዚያም አሳየችኝ። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቆ መክተፍ ነው፣ ሥራው እዚያ ላይ ነው። ድስቱ ደረቅ ይሁን፣ እሳቱ ለስለስ ይበል። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይቁላላል። ሊያር ሲል ጠብ ጠብ እያደረጉ ሙቅ ውሃ። እስኪቀላና እስኪላላ መታገስ ነው። በርበሬው ይገባል፣ እሱም በውሃ ይበስላል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ። እላዩ ላይ ስለሚቀር ወዙ ይታያል፣ ያው ወጥ ይመስላል። ጊዜ ይወስዳል፣ አልክድም። እኛ ቅዳሜ ቁሌት በብዛት ሠርተን ለሳምንቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጣለን። ለጤናዬ ከተደረጉልኝ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ የእናቴ ቁሌት ነው እላለሁ።

ዘይቱንም ቀየርን። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚያወጣው ዓይነት ስብ ነው። ቅቤም ከግማሽ በላይ እንዲሁ ነው። ኑግና ሱፍ ይሻላሉ። ዋጋቸው እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ግን ከዘጠኝ ማንኪያ ወደ ሦስት ስትወርዱ ውዱ ዘይት ከርካሹ እኩል ይመጣል። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ቅቤውን ለበዓልና ለእንግዳ አደረግነው።

እንጀራ አልተውኩም፣ ተዉ የሚሏችሁንም አትስሙ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ልኩን ነው የቀነስኩት። አንድ ሙሉ ከተጨማሪ ጋር የነበረው ግማሽ ሆነ፣ ጎመኑና ምስሩ ግን ጨመረ። መጀመሪያ ሰላጣውንና ጎመኑን፣ ቀጥሎ ምስሩን ወይ ሥጋውን፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ እበላለሁ። ይህ ቅደም ተከተል ብቻውን ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ በመለኪያ አይቼዋለሁ። የሚያስቸግረው ድርብ የሆነው ነው። ፍርፍር በእንጀራ፣ ፓስታ በዳቦ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ። አንዱን መምረጥ ነው።

የሚጠጣውን በአንድ ጊዜ ነው የተውኩት፤ ከሁሉ የቀለለኝም እሱ ነው። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። ሻይ ቤት የሚመጣው ሻይ ደግሞ ስኳሩ ተጨምሮበት ነው። «ያለ ስኳር» ማለት ልመዱ። ጁስ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ፍሬውን ራሱን ብሉት። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው። ቤት የተዘጋጀ በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ጨው ቀድሞ እንደገባ አትርሱ፤ ኩብ ቅመሙም ጨው ነው። እኛ በርበሬውን ያለ ጨው ማስፈጨት ጀመርን።

ለስፖርት ቤት ገንዘብም ጊዜም የለኝም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ድሮ የማማርርበት ደረጃ አሁን ጠቀመኝ። ከእራት በኋላ ከልጆቼ ጋር ግቢውን እንዞራለን፣ ሩብ ሰዓት ያህል። ከምግብ በኋላ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ከደም ላይ ራሱ ያነሳዋል። ጠዋት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን እያነሳሁ እጄንና ጀርባዬን እሠራለሁ፤ ኪሎ ሲቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከባዱ ሰው ነው። ኪሎዬ መውረድ ሲጀምር ሰፈሩ ተጨነቀ። «ከሳሽ እኮ! ምን ነካሽ?» አንዷ ጎረቤታችን እናቴን ለብቻ ጠርታ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብላታለች። መክሳት በእኛ ዘንድ ወይ ሐዘን ነው ወይ የማይነገር በሽታ። ከዚህ ጋር የምትታገሉ እህቶች፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔን የረዳኝ በግልጽ መናገር ነው። «ስኳር ተገኝቶብኛል፣ ሐኪሜ ቀንሺ ብለውኛል» አልኩ። ሰው ሐኪም ሲባል ያከብራል። ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ «ሐኪም ከልክሎኛል» ካላችሁ የሚጨቀጭቃችሁ ይቀንሳል። ጉርሻ ግን አልከለክልም። አንድ እቀበላለሁ፣ ከዚያ እኔ ተነስቼ አጎርሳለሁ። እንዲህ ማለቴ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ያቺው ጎረቤታችን ራሷ ተለክታ ግፊቷ 170 ተገኘ። አሁን መድኃኒት ላይ ናት።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጾሙ በራሱ ጥሩ ነገር አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ፣ ሥጋና ቅቤ መቅረቱ፣ ጥራጥሬና ጎመን መብዛቱ። የሚያጠፋው ማፍጠሪያው ነው፤ ሳምቡሳው፣ ፓስቲው፣ በዘይት የተጠበሰው ድንች። ደግሞም ፋሲካ ሲሆን ሆዱ የለመደውን ትቶ በአንድ ጠዋት ዶሮና ክትፎ ይወርድበታል። በግልጽ ማስጠንቀቅ የምፈልገው መድኃኒት የሚወስዱትን ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች ብዙም አያወርድም። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ሌላ የስኳር ክኒንና ኢንሱሊን ግን ያወርዳሉ። እነዚህን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ሊያልበው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ላይ ያው ነው። ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፣ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ይስተካከላል። የንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ለታመመ ሰው መድኃኒቱ ይቀድማል» ነው ያሉኝ።

ከዓመት በላይ ፈጅቶ 73 ኪሎ ደረስኩ። ወገቤ 87 ነው፣ ገና ሥራ ይቀረዋል። የሦስት ወሩ ስኳር 5.9፣ ግፊቴ 124 በ80፣ ትራይግሊሰራይድ 138፣ ኤችዲኤል 44። የአንገቴ ጥቁረት በጣም ሳስቷል። ሁሉም አልጠፋም። ሜትፎርሚኑን በትንሽ መጠን ቀጥያለሁ፣ የግፊት መድኃኒቴ ተቀንሶልኛል። ግፊት በአማካይ በእያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ አንድ ነጥብ ያህል እንደሚወርድ ተነግሮኝ ነበር፣ የእኔ ግን መድኃኒትም ስላለበት ከዚያ በላይ ነው የወረደው።

ኤልዲኤሌ ግን 131 ላይ ቆመ። ዶክተሯ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል ቀናሽ ክኒን አዘዙልኝ። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ይህን ሁሉ ለፍቼ ሌላ ክኒን? እሳቸው ኤልዲኤል በዘርም እንደሚወሰን፣ ስኳር ያለበት ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ልቡን ለመጠበቅ ስታቲን እንደሚመከርለት አስረዱኝ። አሁን እወስደዋለሁ። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ግን ቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ለእርጉዝ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ሽፈራውና አብሽ የሚመክራችሁ ብዙ ይመጣል። ብትጠጡም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁን ግን በእነሱ አትተኩ። ደግሞ ስኳር ሁሉ ከውፍረት አይመጣም። ቀጭን ሆነው፣ እየከሱ፣ ውሃ እየጠማቸው ስኳር የሚገኝባቸው አሉ። ለእነሱ «ቀንሱ» ማለት ጉዳት ነው፤ ኢንሱሊን ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

አሁን በዓመት አንድ ጊዜ የዓይኔን ውስጥ፣ እግሬንና በሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን እመረመራለሁ። እናንተም ጠይቁ፤ ስኳር እነዚህን የሚጎዳው ሳያሳምም ነው።

የመጨረሻው ስለ አክስቴ ነው። ስኳርና ግፊት ነበረባት። አንድ ሌሊት ከደረቷ በታች ይጫናታል፣ ያልባታል፣ ያቅለሸልሻታል። ሁላችንም ጨጓራ ነው አልን። ተልባ ተሰጣት። ጠዋት ስንወስዳት ልቧ ነበር፣ አልተረፈችም። ሴቶች ላይና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ድንገተኛ ሕመም እንደ ፊልሙ ደረት አስይዞ የሚጥል ላይሆን ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ መንጋጋ ወይ ክንድ ወይ ጀርባ ላይ የሚጫን ሕመም ሆኖ ይመጣል። ስኳር ወይ ደም ብዛት ያለበት ሰው በድንገት እንዲህ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት። «ጨጓራ ነው» ብለው ሊመልሷችሁ ቢሞክሩ እንኳ ስኳር እንዳለበት ንገሩና ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ይነሳለት በሉ።